አሥራ አራት ተራ ቁጥር

እህቴ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ዕቃዋ ኮምቦልቻ ገባ።

እንዲህ ብዬ መጀመር አልፈለግሁም ነበር። ሌላ አጀማመር ግን አጣሁ። ደጋግሜ ጻፍኩ፣ ደጋግሜ ቀደድኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ከማመልከቻ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። በዚያ ሰሞን ግን ማመልከቻ ብዙ ጻፍኩ።

እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አራት ዓመት ቆይታለች። ለግንቦት ልደታ ጠቅልላ ልትመጣ ስለነበር ዕቃዋን በአንድ ትልቅ ሣጥን አድርጋ በመርከብ ቀድማ ላከችው። ከላከችው በኋላ ታመመች። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ደወለችልኝ። ምንም አላለችም፣ ማልቀስ ብቻ። ገባኝ። ሬሳ መላክ ብዙ ጣጣ አለውና እዚያው ቀበሯት።

ስልኩን ያነሳሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አንድ ሰውዬ የመሬት ደብተሩን ኮፒ ላደርግለት ሰጥቶኝ ነበር። አደረግሁለት። ሁለቱንም አጣጥፌ ሰጠሁት። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ አላውቅም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው መሬት ላይ የተቀመጥኩት።

እማዬ ያለችው ገጠር ነው፣ ከመካነ ሰላም በእግር አንድ ሰዓት ተኩል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ በቀጥታ የሄድኩት ወደ አጎቴ ነው። አጎቴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ቄስ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። በመስቀላቸው ግንባራቸውን ነኩ።

«ማን ሰማ?» አሉኝ።

«እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። በስልክ ወሬ እናት አትገደልም። የሞቷ ወረቀት ይምጣ፣ ዘመድም ይሰብሰብ።»

በእኛ አገር ሰው ሞተ የሚባለው እናቱ ስትሰማ ነው። እስከዚያ ድረስ ያወቀው ሰው ሞተ የሚል ቃል ከአፉ አያወጣም። ለሚስቱም አይናገርም። ጎረቤት «እህትህ ደህና ናት ወይ?» ካለህ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለህ። ውሸት ነው ብሎ የሚያስብ የለም። እናትን መጠበቅ ነው። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ጉምሩክ ላይ ያደረግሁትን ሰው እንዲረዳልኝ ብዬ ነው።

እማዬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ትቆምና «ደወለች?» ትለኛለች።

«ኔትወርክ የለም እማዬ።»

«የነሱ ነው የኛ?»

«የኛ።»

«የኛ ነገር!» ትልና ትስቃለች። ሽንኩርቷን አንጠልጥላ ትሄዳለች።

ወረቀቱ ሳይመጣ ሣጥኑ መጣ። የደወለልኝ አንድ ትራንዚተር ነው። የሰው ሰነድ ይዞ ጉምሩክ ውስጥ ከመስኮት መስኮት የሚሯሯጥ ሰው ነው ትራንዚተር ማለት። እህቴ ሣጥኑ ላይ ተቀባይ ብላ የእኔን ስልክ ጽፋ ነበር።

«አብሽር ወንድሜ፣ ዕቃው ደህና ገብቷል። ባለቤቷ መቼ ነው የምትገባው?» አለኝ።

«ትመጣለች» አልኩት።

ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ከመካነ ሰላም መኪናው ገና ሳይነጋ ነው የሚነሳው። አቀስታ ስንደርስ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወረድ ደግሞ ሹራብ ይወልቃል። እኔ አላወለቅሁም። ጭኔ ላይ አንድ ፕላስቲክ ፎልደር ይዣለሁ፤ መታወቂያዬ፣ የእህቴ የፓስፖርት ኮፒ፣ የቀበሌ ደብዳቤ። በቂ መስሎኝ ነበር።

ትራንዚተሩ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ የወሎ ልጅ ነው። በሩ ላይ ጠበቀኝና አንድ ፖስታ ሰጠኝ። «ይሄ የዕቃው ዝርዝር ነው። እህትህ በጇ የጻፈችው፣ ፊርማዋና የካርጎ ቤቱ ማህተም አለበት። ኦሪጂናሉ ይሄ ብቻ ነው። ሣጥኑ የሚፈተሸው ከዚህ ጋር እየተመሳከረ ነው፣ ከዚያ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። እንደ ዓይንህ ብሌን ያዘው።»

«እሺ።»

«ደግሞ እህትህ ታስቃለች። ተራ ቁጥር ስድስትን እየው።»

አላየሁም። ያኔ አልቻልኩም።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴት በእህቴ ዕድሜ ናት። ሰው በመስኮት የሚያገኛትን ሴት «እህቴ» ነው የሚላት። ለእኔ ግን ቃሉ አልወጣልኝም። «እመቤት» አልኳት።

«የምን እመቤት፣ ሠራተኛ ነኝ» አለችና ፈገግ አለች። ወረቀቶቼን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። «ይሄ ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው ጓዝ ነው። ባለቤቷ ራሷ ገብታ፣ ፓስፖርቷ ላይ የመግቢያ ማህተም ተመትቶ መቅረብ አለባት። የት ነው ያለችው?»

«እዚያው ናት።»

«መቼ ትመጣለች?»

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሰልፉ ውስጥ የመካነ ሰላምን ሰው የሚመስል ፊት ያየሁ መሰለኝ። ቢኖርስ? ዛሬ እዚህ ሞታለች ብል ነገ እማዬ ገበያ ላይ ትሰማለች።

«ለግንቦት ልደታ።»

«የዕቃው የመቆያ ጊዜ ግን ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ያልቃል። ቶሎ እንድትመጣ ንገራት። ካለፈ እንደ ተተወ ዕቃ ነው የሚቆጠረው።»

አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። የዕቃው ባለቤት በአሁኑ ጊዜ የምትገኝበት ሁኔታ ይላል። በውጭ አገር በሥራ ላይ ብዬ ሞላሁ። ከሥሩ ፈረምኩ። 

ዝርዝሩን ያነበብኩት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አሥራ አራት ተራ ቁጥር ነው። አንደኛው የልብስ ስፌት መኪና፣ አዲስ። መካነ ሰላም ላይ ልብስ ስፌት ልትከፍት ነበር፤ ቤቱን ፈልግልኝ ብላኝ ፈልጌ ነበር። ሁለት፣ ብርድ ልብስ። ሦስት፣ ድስት ከነክዳኑ። አራት፣ የግድግዳ ሰዓት። አምስት፣ የእማዬ ጫማ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ አንድ ጥንድ። ስድስት እንዲህ ይላል፤ የወንድሜ ጃኬት፣ አንድ፣ በጣም አድጎ ከሆነ አይሆነውም። በጉምሩክ ወረቀት ላይ! ትራንዚተሩ የሳቀው ለዚህ ነው። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምን ሆነሃል ልጄ?» እስኪሉኝ ድረስ አለቀስኩ። «ጥርሴን ነው» አልኳቸው። ቅርንፉድ ሰጡኝ።

አሥራ አንደኛው፤ የኔ ልብስ፣ የተለበሰ፣ አንድ ከረጢት።

ይሄን ለአጎቴ ስነግራቸው ቀና አሉ።

«ልብሷ አለ?»

«አንድ ከረጢት።»

«እንግዲያው ልብሷ ይምጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። እናትህ ምን አቅፋ ታልቅስ? ባዶ እጃችንን ሄደን ሞተች ልንላት ነው?»

እውነታቸውን ነው። ሬሳው ከሌለ የሟቹ ልብስ ነው ለቅሶው መሐል የሚወጣው። ሴቶቹ ልብሱን ከፍ አድርገው እያሳዩ ያለቅሳሉ። ልብሱ ከሌለ ለቅሶው የሰው አይመስልም፣ እናትም አታምንም።

«አባ፣ ዓርብ ነው የሚያልቀው፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ዓርብ።»

«ነገ ሆሳዕና ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። ፋሲካው ይለፍ፣ ያን ጊዜ ከነልብሷ እናረዳታለን። አንተ ሣጥኑን አምጣ።»

ከሆሳዕና ማግስት ሰኞ እንደገና ኮምቦልቻ ሄድኩ። በመንገዴ ደሴ ላይ የሞት ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ጓደኛዋ የኤምባሲ ማህተም አስመትታ ከምትመለስ ልጅ ጋር ልካው ነበር። በዚህ ጊዜ ሰልፉ እስኪያልቅ ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅሁ። ለምሳ ሊዘጋ ሲል ቀረብኩና ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሾለክሁት። ሴትየዋ አነበበች። ቀኑን አየች። ተነሥታ የኔን መዝገብ አመጣችና ያን የሞላሁትን ቅጽ አጠገቡ አስቀመጠች።

«አንተ ይሄን የሞላህ ጊዜ...»

«አዎ።»

«ሞታ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ነካህ ታዲያ?»

«እናቷ አልሰማችም ነበር። አሁንም አልሰማችም።»

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።  እሷም የአገሬ ሰው ናት፣ መርዶ ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«እግዜር ያጽናህ» አለች ቀስ ብላ። «ስማኝ። ባለቤቷ ካረፈች ዕቃውን የሚያወጣው ወራሽ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጣ። እናት ካለች እናትየዋ ናት የምትቀርበው። የሞት ወረቀቱ፣ የፍርድ ቤቱ ማስረጃ፣ የዝርዝሩ ኦሪጂናል። ስለዚህ ቅጽ ደግሞ ለምን እንዲያ እንደሞላህ ማመልከቻ ትጽፋለህ። ከዓርብ እንዳያልፍ።»

ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እማዬን ለማርዳት ልብሱ ያስፈልጋል። ልብሱን ለማውጣት የእማዬ ጣት፣ አሻራዋ፣ ያስፈልጋል። እማዬ ጣቷን ለመስጠት መስማት አለባት። ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ። ትራንዚተሩ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ አብሽር አላለኝም።

ያን ፋሲካ እንዴት እንዳሳለፍነው መጻፍ አልችልም። እማዬ ዶሮ ሠርታ አንድ ብልት ለብቻ አስቀመጠች። «ለማን ነው?» ስላት «ብትኖር ኖሮ የሷ ነበረች» አለችና የሞተ ሰው ስም የጠራች መስሏት ደንግጣ አማተበች። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ማክሰኞ ግን ያላሰብኩትን አደረግሁ። አጎቴንም አልጠየቅሁም። ሄጄ «እማዬ፣ የእህቴ ዕቃ ገብቷል፣ ፍርድ ቤት ሄደሽ ጣትሽን ካላደረግሽ አይሰጡንም» አልኳት። ሰይጣን ነው ያስባለኝ ልበል? አይደለም። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። ጣቷን ብቻ ላገኝ፣ ልብሱ ይውጣ፣ ከዚያ እንደ ወጉ እናረዳታለን ብዬ ነው።

አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ቆማ ሰላም ትላለች። «የልጄ ዕቃ ገባ! ጣት አምጪ ብለውኝ ነው» ትላለች። «እሰይ እሰይ፣ ዕቃው ከቀደመ እሷም ደረሰች» ይሏታል። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ሸራ ወጥረው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ደንበኛዬ ናቸው፣ ኮፒ የሚያስደርጉት እኔ ዘንድ ነው። ወረቀቴን አንብበው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና እማዬን «እናቴ፣ ሟች ለርስዎ ምንዎ ናት?» አሉ።

ጠረጴዛውን በጉልበቴ ገፋሁት። ቀለሙ ተናጋ።

«ምን አሉ?» አለች እማዬ።

«ላኪዋ ምንሽ ናት ነው የሚሉሽ።»

«ልጄ ናታ! የበኩር ልጄ። አራት ዓመቷ ከሄደች» አለች ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ። «ቢያዩዋት ደግሞ እንዴት ያለች ቁም ነገረኛ መሰለችዎ።»

ሽማግሌው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ብዕራቸውን ከደኑት። እጄን ይዘው ከሸራው ኋላ ወሰዱኝ።

«ሳትነግራት ነው ያመጣሃት?»

ወደ እማዬ ዞሬ አየሁ።

«አንተ ልጅ፣ ዳኛው እኮ ፊት ለፊት ነው የሚጠይቋት። ልጅዎ መሞቷን ያውቃሉ ወይ ብለው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት። እንዲህ ልታረዳት ነው? ሂድ፣ መልሳት!»

መለስኳት። «ዳኛው የሉም» አልኳት። የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ ስንመለስ አንድ ጊዜም ሰው አላስቆመችም። ግማሽ ላይ ስንደርስ «ሽማግሌው ለምን መከሩህ?» አለችኝ። «ስለ ወረቀቱ ነው» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ያን ዕለት የለበሰችውን ቀሚስ ከዚያ ወዲህ ለብሳው አላየሁም።

ማታ ለአጎቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደቡኝም። «በቃ፣ ነገ ጧት» አሉ። «ልብሷ ሳይኖር?» አልኳቸው። «ምን አለ ታዲያ ከሷ?»

ፎልደሩን ከፍቼ ዝርዝሩን አሳየኋቸው።

«ኮፒ አለው?»

«አለው፣ ሦስት። ኦሪጂናሉ ለጉምሩክ ነው።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ፊደሏን አዩ። «ኮፒ አቅፋ አታለቅስም» አሉ። ትክክል መሰለኝ። እኔ ኮፒ ሠሪው፣ ለሰው ሁሉ ኦሪጂናልዎን አይርሱ የምለው፣ ትክክል መሰለኝ። እጇ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ሌላው ጥላ ነው።

ረቡዕ ገና ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት በሩ ላይ ቆምን። የበልግ ካፊያ ነበር። እማዬ በሩን ከፍታ ሰዎቹን አየች። የዚያን ሰዓት የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል።

«ማን?» አለች።

አጎቴ ነገሯት።

ከዚያ ያለውን እዘለዋለሁ። ለቅሶው ግቢው ውስጥ ሲቆም፣ ልብስ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ፣ አጎቴ ጠቀሱኝ። መሐል ገብቼ አነበብኩ። ተራ ቁጥር አንድ። ሴቶቹ ጮኹ። ተራ ቁጥር ሁለት። ስድስት ላይ ድምፄ አልወጣም፤ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ተቀብሎኝ አነበበው። ሲያልቅ አስለቃሿ ቀጠለች፦

አሥራ አራቱን ቆጥራ ጽፋ ላከችልሽ፣
አሥራ አምስተኛዋ ራሷ ቀረችብሽ።

እማዬ ወረቀቱን ነጠቀችኝ። ማንበብ አትችልም። ፊቷ ላይ አደረገችው፣ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከሷ አክስቴ ወሰደች፣ ከአክስቴ ጎረቤት። እያንዳንዷ ዓይኗ ላይ ታደርገዋለች። ካፊያውም አላቋረጠም፣ ቀለሙ መፍሰስ ጀመረ። አየሁት። እያየሁ ዝም አልኩ። «ኮፒውን እንካችሁ» ብዬ በለቅሶ መሐል ልለዋወጥ?

ሐሙስ እማዬ ራሷ ተነሣች። ሐዘንተኛ በማግስቱ ከቤት አይወጣም፤ ሰዎች ተቆጧት፣ አልሰማችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከሦስት ምስክሮች ጋር ፍርድ ቤት ቀረበች። ዳኛው ያን ጥያቄ ጠየቋት።

«አውቃለሁ» አለች።

«መቼ ነው ያረፈችው?»

ወደ እኔ ዞረች። «ንገራቸው እንጂ። አንተ ነህ የምታውቀው።»

ነገርኳቸው። ቀኑን ስትሰማ በጣቷ ቆጠረች። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ ኔትወርክ። ዳኛው ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ብለው ማስረጃውን ከሰዓት በኋላ ሰጡን። ጣቷን አደረገች። ኮሪደሩ ላይ ቀለሙን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ኮምቦልቻ ሰምቷል?» አለችኝ።

«እዚያ ግድ ሆኖብኝ ነው እማዬ።»

«ከኔ በፊት?»

ማስረጃውን አጣጥፌ ፎልደሩ ውስጥ አስገባሁት። 

ዓርብ ከመንጋቱ በፊት ዝርዝሩን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ወዲያው አለቀቀችውም። «ትመልሰዋለህ?» አለች። መዝገብ ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ። «እመልሳለሁ» አልኳት። አንድ ውሸት ጨመርኩ።

ኮምቦልቻ ሴትየዋ ስታየኝ ተነሣች። የለበስኩትን ጥቁር አየች። የሞት ወረቀቱን ተቀበለች፣ የፍርድ ቤቱን ማስረጃ ተቀበለች፣ ማመልከቻዬን ተቀበለች። «ጎበዝ፣ ደርሰሃል» አለች። ከዚያ ዝርዝሩን ዘረጋሁላት።

በሁለት እጇ ያዘችው። ከተራ ቁጥር አራት እስከ ዘጠኝ ያለው አንድ ሰማያዊ ሆኗል። ማህተሙ ፈሷል። የእህቴ ፊርማ በነበረበት ቦታ የጣት አሻራ አለ፣ የማን እንደሆነ አላውቅም።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው? ዝናብ?»

«ተለቅሶበት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ።  ከሰጠኋት ኮፒ ጋር ይዛው የመስታወት ክፍል ወዳላቸው አለቃዋ ገባች። ከውጭ ሆኜ አየዋለሁ፤ ወረቀቱን ወደ መብራቱ ያነሣሉ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ ያነሣሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። ሰውየው ወጡ። ጨዋ ሰው ናቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ኮፒው ይነበባል፣ ግን ኮፒ ነው። ሣጥኑን ስንከፍት ከተፈረመበት ጋር ነው የምናመሳክረው። በዚያ ላይ ቀድመህ በሕይወት አለች ብለህ ፈርመሃል፤ በተጠራጠርንበት መዝገብ ላይ ኮፒ መቀበል አልችልም። ሌላ ኦሪጂናል ከመጣ ግን...»

«ከየት?»

«ላኪዋ ድጋሚ ፈርማ...» አሉና የሚሉትን ራሳቸው ሰሙት። አቆሙ።

ሴትየዋ ወረቀቱን አጣጥፋ በመስኮቱ ሥር መለሰችልኝ። እጇ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

«አመሰግናለሁ እህቴ» አልኳት። ወጣልኝ።

ትራንዚተሩ ይግባኝ የሚባል ነገር አለ አለኝና ቆመን አብረን ጻፍን። መልስ እስከ ዛሬ የለም። ዓርብ አለፈ። ሣጥኑ ዛሬ በመዝገብ ላይ የተተወ ዕቃ ነው፣ ከረጢቷም ውስጡ አለች። ማታ ማታ ስለዚያ ከረጢት አስባለሁ። ልብሷ ሳይታጠብ አስገብታው ከሆነ ጠረኗ እስከ መቼ ይቆያል እላለሁ። ኮፒውን ለለቅሶው ሰጥቼ ቢሆን እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን እውነቱን ተናግሬ ቢሆን እላለሁ። እህቴ አራት ዓመት ለፍታ የሰበሰበችውን እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ አጠፋሁት።

ቅዳሜ ቤት ስገባ እማዬ ፍራሹ ላይ ከለቀስተኞች ጋር ተቀምጣለች። የምነግራትን ሁሉ በመንገድ ሳዘጋጅ መጥቼ ነበር። አፌን ሳልከፍት እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«መለስክልኝ» አለች።

ጉያዋ ከተተችው። ስለ ሣጥኑ አልጠየቀችኝም።

ሰዉ ሲወጣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ወረቀቱን አውጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው። «የኔን አንብብልኝ» አለች። አምስተኛው ከጠፉት ውስጥ ነው፣ ሰማያዊ ብቻ ነው የሚታየው። ጣቴን ሰማያዊው ላይ አድርጌ በቃሌ አልኩላት።

«ተራ ቁጥር አምስት። የእማዬ ጫማ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ አንድ ጥንድ።»

እግሯን ከነጠላው አወጣችና አየችው።

«ሠላሳ ስምንት ነው እንዴ የኔ እግር?»

«ነው።»

«እሷ በምን አወቀች?»

«ለካልኝ ብላኝ ነው። አንድ ቀን ጋደም ብለሽ ሳለ በሲባጎ ለክቼ ላኩላት። እንዳትሰማ ብላኝ ነበር።»

እማዬ እግሯን መልሳ ሸፈነችው።

«እሱንም ደብቀኸኝ ነበር» አለች።